በሠራው መቅዘፊያ ላይ ለሚቆም

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እኔ መቅዘፊያ ሠሪዋ፣ ሰፈሩ «ሚዛን» እያለ የሚጠራኝ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ ይህን የኑዛዜ ቃል ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የታመመው ሳንባዬ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም፤ የሚጠራጠር ካለ ባለፈው ሳምንት ደጄ ላይ ቆሞ ስለ እኔ ያማውን ቃል በቃል ልደግምለት እችላለሁ። ጸሐፊዬ ጡረተኛው መምህር ናቸው። የምለውን እንደምለው እንዲጽፉ እንጂ እንዳያሳምሩልኝ ለምኛቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ከመጀመሪያው «ከቀትር በኋላ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ያልኩት «ከምሳ በኋላ» ነው።

ምስክሮቼ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋና የጀልባ አከራዩ ናቸው። ልብስ ሰፊዋን የመረጥኳት ምስጢር ትጠብቃለች ብዬ አይደለም። ሳልሞት ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ፈልጌ ነው።

ከትንንሹ ልጀምር። የምኖርበት ቤት ለወንዱና ለሴቷ ልጄ እኩል ይሁን። የፊተኛውን ክፍል ማን እንደሚወስድ ይጨቃጨቁ፤ ሐዘናቸውን ያስረሳቸዋል። ጥቁሩ ካፖርቴ ለልብስ ሰፊዋ ይሰጥ፤ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት መስታወቱ ፊት ስትለካው አይቻታለሁ። አሮጌው መላጊያዬ ለመምህሩ ይሁን፤ ዐረፍተ ነገራቸውን ይላጉበት። ለወንድሜ ምንም የለኝም። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ባያውቅም ልብስ ሰፊዋ ትነግረዋለች።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ልምጣ። እኛ የምንሠራው ካያክ ለሚባለው ጠባብ ጀልባ የሚሆን የእንጨት መቅዘፊያ ነው። ጣውላው በስሱ ይሰነጠቃል፣ በኮላ ይጣበቃል፣ በሞርሳ ታስሮ ያድራል፣ ከዚያ ይላጋል። ቀዛፊው ቀኑን ሙሉ ሲያነሣው ስለሚውል መቅለል አለበት። ማቅለል ደግሞ መላጊያ የያዘ ሁሉ የሚችለው ነው፤ ጭንቁ ቀልሎ እንዳይሰበር ማድረጉ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት አንድ መቅዘፊያ ሲያልቅ በሁለት ጉማጅ ግንዶች ላይ ይጋደማል፤ የሠራው ሰው መሐሉ ላይ ወጥቶ ይቆምበታል። ካልተሰበረ ይሸጣል።

ደንቡን ያወጣው ባሌ ነው። ነፍሱን ይማርና ቀጭን ሰው ነበር፤ እሱ የቆመበት ሁሉ ያልፋል። አንድ ግዙፍ ደንበኛ ስብርባሪውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ራሱን የእንጨት ሊቅ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ያን ቀን እኔ ተነሥቼ የተሰቀሉትን አወረድኩና በየተራ ቆምኩባቸው። ሰባበርኳቸው። ያኔ ወፍራም ነበርኩ፤ ሰፈሩም ሚዛን ያለኝ ለዚህ ነው። ክረምቱን ሙሉ አኮረፈኝ። ሲበጋ ግን አዲስ የሠራውን ራሱ ይዞልኝ መጣና፣ «እስቲ ውጪበት» አለኝ። ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

አሁን በሽታው አክስቶኛል። ባለፈው ወር ልጄ በሠራው ላይ ቆምኩበት፤ ሲጥ እንኳ አላለም። ልጄ አጨበጨበ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ድመት ብትቆምበትም ያው ነበር። እንግዲህ በእኔ መቆም የሚፈተን ነገር የለም። ወርክሾፑን የሚረከብ ሳልመርጥ ብሞት ደግሞ ሁለቱ ልጆቼ በመጋዝ ይካፈሉታል።

ትልቁን ልጄን ሰፈሩ «ላባ» ይለዋል። እጁ ከእኔም ከአባቱም ይበልጣል፤ ፊት ለፊቱ ነው የምናገረው። የሠራውን መቅዘፊያ ደንበኛ በአንድ ጣት እንዲያነሣው ያደርጋል፤ ደንበኛውም አፉን ይከፍታል። የሚያቀለው ግን ዘንጉን እያሳሳ ነው። እኔ ከተኛሁ ወዲህ ደግሞ በእግሩ መቆሙን ትቶ የአሸዋ ከረጢት ያንጠለጥልበታል። አሸዋውን የሚሞላው ራሱ ነው፤ ከረጢቱም ጨዋ ነው፣ ትንሽ ሲሰጡት አነሰኝ አይልም። ባለፈው በጋ አንዲት ሴትዮ መሐል ውሃ ላይ ሳለች የላባ መቅዘፊያ ለሁለት ተሰበረባት። የወንዙ ውሃ ወደ ግድቡ እየወሰዳት ሳለ በገመድ ጎትቶ ያወጣት እዚህ የተቀመጠው የጀልባ አከራይ ነው። ልጄ ሲነገረው፣ «አያያዟ ነው» አለ።

ታናሿ ልጄ ስትሠራ ቀስ ትላለች። መቅዘፊያዋ ትንሽ ይከብዳል፤ የቫርኒሽ አቀባቧም ለዓይን አይሞላም። ደንበኛ ሲመጣ ጀርባዋን ትሰጣለች።

ዛሬ ሁለቱም አዲስ የሠሩትን ይዘው እንዲገቡ አዝዣለሁ። ጉማጆቹ አልጋዬ ግርጌ ተቀምጠዋል። «በሠራችሁት ላይ ቁሙ» ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ላባ እህቱን አስቀደመ፤ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ።

ታናሿ ወጣችበት። ተሰበረ። ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ጉልበቷም ተላጠ። ሳትነሣ ስብራቱን አንሥታ አየችውና፣ «አንጓ ነበረበት፤ ሳላየው አጣብቄዋለሁ» አለች።

«እማዬ፣ አለቀ እኮ» አለ ላባ እየሣቀ። «የእሷ ተሰበረ፤ ምን ቀረ?»

«ያንተ ቀረ። ውጣበት።»

አጋደመው። ቆንጆ ነው፤ እንደሱ ያለ ቆንጆ ሠርቼ አላውቅም። አንድ እግሩን ጫነበትና መልሶ አወረደ። «ከረጢቱን ላምጣና በእሱ እንፈትነው» አለኝ።

«ከረጢት አይቀዝፍም።»

«ብወድቅስ፣ እማዬ?»

«ከሥርህ ምንጣፍ አለ። ከሴትዮዋ ሥር ምን ነበር?»

ልጄ በገዛ ሥራው ላይ አልቆመም። መምህር፣ ይህችን አጥርተው ይጻፏት።

ስለዚህ ወርክሾፑን ከነዕቃው፣ ጉማጆቹንም ጨምሬ፣ ለታናሿ ልጄ አውርሻለሁ። ላባ ከፈለገ እሷ ዘንድ ይሥራ፤ እጁን እወደዋለሁ፣ ባክኖ ሲቀር አልወድም። የሚሠራው ሁሉ ግን ከመሸጡ በፊት ራሱ ይቁምበት። አንቺም ከወንድምሽ ቫርኒሽ አቀባብ ተማሪ፤ ያንቺው የተላጠ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ደንበኛ ሲመጣ ፊትሽን አዙሪ። ደግሞም ደኅና አድርገሽ ብዪ፤ እንደ አባትሽ ቀጥነሽ ሁሉን እንዳታሳልፊ።

ቃሌ ተነቦልኝ ልፈርም ስል ላባ አልጋዬ አጠገብ ተንበረከከ። ስለ ወርክሾፑ አንዳች አላነሣም። «እማዬ፣ አልቆመም የሚለው ይሰረዝልኝ፤ ሰው ያነበዋል» አለኝ።

«ቁምበትና ይሰረዝ» አልኩት።

መምህሩ ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁት፤ ምስክሮቹም ጠበቁት፤ እህቱ እንኳ እጇን ልትሰጠው ተነሥታ ነበር። እንዳልተሰረዘ ይህን የምታነቡ ሁሉ ታያላችሁ።

የተናዛዧ ፊርማ፦ ሚዛን
ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የጀልባ አከራዩ
ቃሉን ሰምተው የጻፉት፦ ጡረተኛው መምህር