ቀይዋ መብራት ስትጠፋ

ውድ እትዬ፣

ትናንት ያደረግኩትን ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ከፈለግሽ ሳቂብኝ። የሞተ ሰው ወሬ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም፤ ያንቺ ጆሮ ግን አፈር ስለተጫነው ብቻ ዝም ብሎ ይተኛል ብዬ አላምንም። ደብዳቤ እንደማትወጂም አውቃለሁ። የተጻፈ ነገር ትንፋሽ የለውም ትዪ ነበር። ስለዚህ እየጻፍኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለራሴ እያነበብኩት ነው፣ እዚሁ የሬዲዮ ስቱዲዮአችን ውስጥ፣ ከመስታወቱ በኔ በኩል።

እዚህ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ የቸነከርናቸው አሮጌ ብርድ ልብሶች አሁንም አቧራቸውን ያራግፉብናል። የእንግዳዋ ወንበር አሁንም ወደ ግራ ሲሉባት ትንጫጫለች፤ ነገ ዘይት እንቀባታለን እንዳልን ቀረች። መነጽርሽ እስከ ትናንት ድረስ ማይክሮፎኑ ሥር እንዳስቀመጥሽው ነበር። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም፣ እኔም ጭምር።

ቀብርሽ ላይ ሰው በሰው ነበር። ድሮ መድረክ ላይ አብረውሽ የቆሙት ተዋንያን መጡ፤ "ወይ አልቃሻ ሚስት ወይ ተንኮለኛ አማት ስሆን አላረጅም" ብለሽ ቲያትሩን ጥለሽ ስትወጪ ያኮረፉሽ እንኳ አልቀሩም። በሴቶች ሰልፍ ቀን ከፊት የያዝነውን ጨርቅ የሣለችልን ሠዓሊ እጇ ቀለም እንደነካው መጣች። ስልክ እየደወሉ የሚያወጉን፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቅ አድማጮቻችንም ነበሩ፤ ሲያለቅሱ በድምፃቸው ለየኋቸው። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ንግግር አደረገና "እናታችን" አለሽ። የሴቶችን ሰዓት ወስዶ ለሙዚቃ ሊሰጥ ስንቴ እንደሞከረ የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። እንደ ልማዴ ሳቅሽን ጠበቅኩ። መሞትሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቢሮው አስጠራኝ። የመታሰቢያ ዝግጅት እንድንሠራ ይፈልጋል፤ በዝግጅቱም የራስሽ ታሪክ በራስሽ ድምፅ እንዲሰማ። ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት አንቺ ራስሽ የእንግዳዋ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እንደነበር ከሆነ ሰው ሰምቷል። ቅጂ የለም አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እንግዲያው የሰማሽው አንቺ ከሆንሽ አንቺው ተናገሪው፣ አድማጭ የሚጠብቀው ይህንን ነው" አለኝ። ደግሞም በወንበርሽ የሚተካ ሰው ካልተገኘ ሰዓቱን ለሌላ እንደሚሰጠው ነገረኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እትዬ። አዝኗል። ሲያዝንም እንኳ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን መተው አይችልበትም።

እሱንስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው እወጣ ነበር። አንጀቴን የበላችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

መጀመሪያ እንግዳ ሆና የመጣች ቀን መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ረስታው ነበር፤ በፈራች ቁጥር መርፌዋን ትነካካለች፣ ማይክሮፎኑም ያንን ይሰማል። ተናገሪ፣ ሲወጣልሽ ይቀልልሻል ያልሻት አንቺ ነሽ። ተናገረች። ስሟን ከቅጂው ቆርጠን አውጥተን ነበር፤ የባሏ ዘመዶች ግን በአነጋገሯ ለይተዋት ልብሷን በፌስታል ቋጥረው ደጅ አወጡት። እሷን ሰምተው ስንት ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ታውቂያለሽ። እሷ ደግሞ ቤቷን ያጣችው እኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ከዚያ በኋላ እዚሁ እኛ ጋ ቀረች፣ ሥራውን ለመደች፣ ከኔ በኋላ እሷ ትቀመጥ ብለሽም በአደራ ነገርሽኝ። ሁላችንም ያለቀ የደቀቀ ነገር መስሎን ነበር።

ከቀብሩ ማግስት እዚህ መጣችና ቆማ አናገረችኝ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

"ወንበሯ ላይ አልቀመጥም" አለችኝ።

"ምነው?"

"ሁላችንንም አናገረችን። እሷስ ለማን ተናገረች?"

ለኔ ነግራኛለች አልኳት። ምን ብላ ስትለኝ፣ እሱን አልነግርሽም አልኩ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር።

"እንዲህ ማለትማ ቀላል ነው" አለች። "እኔም ለአንድ ሰው ሹክ ብዬ በሆነና ዛሬ ቤቴ በገባሁ።"

ከሄደች በኋላ ብዙ መልስ መጣልኝ፣ ሁሉም የማይረባ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። ልብ በይ፣ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቄሽ ነበር።

ያንን ቀን ላስታውስሽ። አንቺ እንኳ አትረሺውም፤ እኔ ነኝ መላልሼ ካላወራሁት የሚጠፋብኝ የሚመስለኝ።

አሠራሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እንግዳዋ ትቀመጣለች፣ ቀይዋ የመቅጃ መብራት ትበራለች፣ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ እኔም የክፍሉን ዝምታ እቀዳለሁ። ሥራ ስጀምር ይህ ነገር ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። የሴትዮዋን ስም ስንቆርጥ፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት ስንቆርጥ፣ በተቆረጠው ቦታ የምንተካው ያንኑ የሷን ዝምታ ነው። ሌላ ዝምታ ቢተካ ጆሮ ይቆረቁራል፤ እሷ ያለችበት ዝምታና እሷ የሌለችበት ዝምታ አንድ አይደሉም። ከዚያ መብራቷን አጠፋለሁ፤ አንቺም የድምፅ ሙከራ ብለሽ "ዛሬ ጠዋት ምን ሠራሽ?" ትያታለሽ። አንዷ ቤት ጠረግኩ ትላለች፣ ሌላዋ ከጎረቤት ተጣላሁ። ያ አይቀዳም። አይቀዳም ብለሽ ድርቅ አልሽ፤ ማይክሮፎኑ ሳያውቃቸው በፊት እኛ እንወቃቸው አልሽ። እኔን ጆሮ ብለሽ የሰየምሽኝም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጣቢያው ሁሉ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ረስቶ ጆሮ ይለኛል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በተራሽ እንግዳ ልትሆኚ መጣሽ። ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴት ባልዲዋን እየጎተተች እስክትርቅ ጠበቅን። ክንድሽ ከመቅጠኑ የተነሳ የእጅ ሰዓትሽ እየተንሸራተተ ክርንሽ ላይ ይደርስ ነበር፤ አውልቀሽ ጠረጴዛው ላይ አኖርሽው፣ ይንኳኳል ብለሽ። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ስለ ድምፅ ጥራት ታስቢ ነበር። መብራቷን አበራሁ። ዝም አልን። ዝምታሽን ቀዳሁ። መብራቷን አጠፋሁና ድምፅሽን አስመስዬ "ዛሬ ጠዋት ምን ሠራሽ?" አልኩሽ።

ሳቅሽ። አልጋዬን አነጠፍኩ አልሽ። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ አልሽ። ከዚያ ዓይንሽ ከኔ ላይ ተነሳና፣ እንዲህ ሻይ የቀዘቀዘበት አንድ ሌላ ጠዋት ነበር ብለሽ ጀመርሽ።

ያልሽውን እዚህ አልጽፈውም። ወረቀት ከእጅ እጅ ይሄዳል። በመሃሉ ከዚያ በፊት ከአፍሽ ሰምቼው የማላውቅ የሰው ስም ጠራሽ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠሪው ድምፅሽ የልጅ ድምፅ ሆነ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ብጫነው ትበራ ነበር። ስንት ሴት እዚያች ወንበር ላይ ስታለቅስ መስታወቱን ተከልዬ ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ወይም እኔ አላዘዝኩትም። ጨርሰሽ ውኃ ስትጠጪ፣ እንጀምር ወይ አልኩሽ።

"ጨርሻለሁ እኮ" አልሽ። "እጅሽን እያየሁ ነበር። እንዳልነካሽው አይቻለሁ።"

ተናደድኩ። እስካሁን ነግሬሽ አላውቅም፤ በጣም ተናደድኩብሽ። ሌሎቹስ፣ እትዬ፣ እነሱ እኮ በርቶ ነው የተናገሩት አልኩሽ። ልብስ ሰፊዋን ስሟን ጠርቼ አስታወስኩሽ። ወንበሯ ስትንጫጫ ትዝ ይለኛል፤ ወደ ግራ አዘንብለሽ ግድግዳውን ስታዪ ቆየሽ።

"እነሱ ይበልጡኛል" አልሽ። "እኔ መጠየቅ ነው የቻልኩበት። ይህንን ብቻ ንገሪልኝ።"

ይህንን ብቻ። ለማን፣ መቼ፣ አላልሽም። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባሽ፤ እዚያ ደግሞ አፍንጫሽ ላይ የተሰካው ነገር ማውራት ከለከለሽ፤ ጥያቄዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አደራሽን ከቀብርሽ በኋላም አፍኜ የያዝኩት አንቺን ያሳንሳል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ተራራ ሲያይሽ፣ ራሷ ፈርታ ነበር ብዬ ልናገር? ያውም እኔ? አልጋዬ ላይ ስገላበጥ እጣላሽ ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ትናፍቂኛለሽ፣ ትናፍቂኝና እንደገና እጣላሻለሁ።

ትናንት ሰዓታችን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከኔ በኩል፣ ከኋላዬ ቆመ፤ ታሪክሽን ልናገር መስሎት መሐረቡን ሳይቀር አዘጋጅቷል። ልብስ ሰፊዋም መጣች። ልትሰማ እንጂ ልትቀመጥ እንዳልመጣች በሩ ላይ ነገረችኝና ካፖርቷን ሳታወልቅ ጥጉ ላይ ቆመች። ከድሮ ቅጂዎችሽ ጥያቄዎችሽን ብቻ መርጬ ገጣጥሜ ነበር፤ መልስ የለም፣ ያንቺ ጥያቄ ብቻ፣ ስትለሰልሺ፣ ስትቆጪ፣ ሳቅሽ ሲያመልጥሽ። እሱ ሲያልቅ ማይክሮፎን ከፈትኩ። አስቢው፣ ያን ሁሉ ዘመን ስሠራ ድምፄን በአየር ላይ አውጥቼ አላውቅም።

የራሷን ታሪክ ነግራኛለች አልኩ። ስትናገር መብራቷ ጠፍታ ነበር፤ በርቶላት መናገር አልቻለችም። በርቶባችሁ የተናገራችሁ ሴቶች፣ እነሱ ይበልጡኛል ብላችኋለች፤ ንገሪልኝ ስላለችኝ ይኸው ነገርኳችሁ። በእጃችን የቀረው ከመናገሯ በፊት ያለው ነው። ስሙት።

ከዚያ ዝምታሽን አስተላለፍኩ።

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ወዲያው ከላይ ፎቅ ስልክ ተደወለ። የማሠራጫው ቴክኒሻን ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መስመሩ ተቋርጧል ወይ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ እጁን ያዝኩት። አለቃዬን እጁን ያዝኩት፣ እትዬ።

"አልተቋረጠም" አልኩት ቴክኒሻኑን። "እሷ ናት።"

ስልኩን ሳይዘጋ ያዳምጥ ጀመር። እኛም አዳመጥን። ብዙ ነገር አልነበረበትም። የልብስሽ መንኮሻኮሽ አለ። ምራቅሽን ስትውጪ ይሰማል። ወንበሯ አንዴ ትንጫጫለች። ወደ መጨረሻው ላይ አየር ትስቢያለሽ፣ በረጅሙ፣ አንድ ነገር ልትዪ እንደሆነ ሰው፤ ከዚያ ትይዢዋለሽ፣ አትተነፍሺም፣ ቅጂው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ገፍቶ ወጣ። መሐረቡ እጁ ላይ ነበር። ሰዓቱን ይውሰደው አይውሰደው ገና አልነገረኝም፤ ስልኮቹ ግን ሲጮኹ ዋሉ። ያኮረፉም አሉ። አንዷ፣ ታሪኳን ስጠብቅ ባዶ አስደመጣችሁኝ ብላ ተቆጣችኝ፤ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እውነት አላት። ሌሎቹ ግን ደውለው ምንም ሳይሉ ይዘጉት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጥጉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ካፖርቷ ደረት ላይ መርፌ ባይኖርም እጇ እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

"ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ" አለችኝ። "የኔም እንደዚሁ ነበር። እኔ አስወጣሁት፣ እሷ ዋጠችው።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ቀብርሽ ላይ እንባዬ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ትናንት ተከፈተልኝ። እንዳልታረቀችሽ ልደብቅሽ አልፈልግም። ቤቴን አትመልስልኝም አለች፣ ቃሏን ነው የምነግርሽ። ግን ካፖርቷን አወለቀች። ወደ ወንበርሽ ሄደች፣ መነጽርሽን በሁለት እጇ አንስታ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ከመስታወቱ ማዶ ሆና በጣቷ ጠራችኝ።

ሄድኩ። የእንግዳዋን ወንበር አሳየችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ወንበር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚቀመጥበት ነው፣ እኔ ተቀምጬበታለሁ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው" አለችኝ። አላንገራገርኩም። ወንበሯ ከሥሬ ተንጫጫች። በመስታወቱ በኩል የራሴን ባዶ ቦታ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ። ማይክሮፎኑን ወደኔ አዞረችና፣ ልክ እንዳንቺ ለስለስ ብላ፣ "ዛሬ ጠዋት ምን ሠራሽ?" አለችኝ።

ነገርኳት፣ እትዬ። ከጠዋቱ ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ለአንቺም ነግሬሽ የማላውቀውን፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም።

ምን እንዳልኳት ግን እዚህ አልጽፍልሽም። መብራቷ ጠፍታ ነበር።

ጆሮሽ