ኳሷን የመረጥካት አንተ ነህ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንህን ትናንት በስልክ ከጮህክበት ድምፅ አውቄዋለሁ። እንዲህ ስናደድ «አንቱ» ልልህ ይቃጣኛል። ግን አንቱታ ራቅ ላለ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ልቆጣህ የምፈልገው በጣም ቀርቤ ነው።

እንዲህ ነበር ያልከኝ፦ «ሾፌሩ የተጎታቹን ቆብ ሳይዘጋው ነው የነዳው። ከተመረቅሽ አይቀር አንድ ቀን ጥቀሚን። እንደ ኢንጂነር ሆነሽ ይህንኑ ጽፈሽ ለኢንሹራንሱ ስጪ።» ልመልስልህ አፌን ስከፍት ዘጋኸው። እሺ፣ ስልክ ይዘጋል። አንተ ሰው አገር ለሥራ ተቀምጠህ ፍርድ ስትሰጥ እኔ እዚህ የተሰበረውን ይዤ ቀርቻለሁና አሁን ተራው የእኔ ነው።

ከመለዋወጫ ሱቁ ልጀምር። በፒካፑ ጀርባ ያለችው፣ የጄኔሬተሩ ተጎታች ቆብ የሚገጠምባት የድሮዋ የመጎተቻ ኳስ አንድ ጎኗ ተበልቶ ስለነበር ልንቀይራት አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት ኳሶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንዷ ጥቁር፣ ደልዳላ፣ እግሯ ወፍራም። ሌላዋ ፊት የምታሳይ፣ የምታብረቀርቅ፣ ግን አነስ ያለች። ሰውዬው በጨዋ ደንብ «የተጎታቹ ቆብ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀህ።

«ኳስ ኳስ ነው፤ ክብ ትሁን እንጂ!» አልከው።

«ወንድምጋሼ» አልኩህ፣ «የኳሷ ቁጥርና የቆቡ ቁጥር አንድ ካልሆነ አይሆንም። ስንት ክብደት እንደምትጎትትም አናቷ ላይ ተጽፏል፤ ከጄኔሬተሩ ክብደት ጋር እናስተያየው።»

አንተ ወደ ሻጩ ዞረህ «እህቴ ናት። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው፤ ትኩስ ስለሆነች ታቃጥላለች» አልከው። ሁለታችሁም ከት ብላችሁ ሳቃችሁ። የምታብረቀርቀውን አስጠቅልለህ ወጣህ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ስለካድከው ልድገምልህ። ሾፌራችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «አይቸኩሌ» የሚለው ያ ረጋ ያለ ሰው፣ በመጀመሪያው ምልልስ ነው ፊቱን አጨማዶ የተመለሰው። «እህትዓለም፣ ይቺ ኳስ እኮ ቆቡ ውስጥ ትዋኛለች። የአባቱን ጫማ ያደረገ ሕፃን ነው የመሰለችኝ» አለኝ። ይህንኑ ለአንተ ሲነግርህ ቆሜ ነበር። ትመልሳታለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ከቁም ሳጥንህ አሮጌ ቡናማ ቀበቶህን አውጥተህ በመቀስ ቆረጥክና ቆቡ ውስጥ ወተፍከው! «ይኸው፣ አሁን ማን ይዋኛል?» አልክ። ደግሞ እጅህን አራግፈህ ወደ ምሳህ ገባህ።

ግራሶውስ? ሚስትህ እትዬ በተጎታቹ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷን ስለነካባት «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ኳስ እንደ መስታወት ትወልወል፤ ግራሶ እንዳላይባት!» ብለህ አዘዝክ። ኳስ የሳሎን ዕቃ ናት እንዴ? ብረት በብረት ላይ ሲዞር ስስ ግራሶ ካልተቀባ እየተፋፋቀ ይበላላል። ግራሶው ልብስ እንዳይነካ ከተፈለገ ደግሞ ሥራ ስታቆም የጎማ ክዳን ያለብሷታል፤ አለቀ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። አይቸኩሌ ደብቆ ሲቀባት ያገኘኸው ቀን በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት «አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ቀቢ?» ብለህ አዋረድከው። እሱም «ጌታዬ፣ ካስፈለገ ሁለቱንም እሆናለሁ» ብሎ ነገሩን በሳቅ አበረደው።

አሁን ቆቡን አልዘጋውም ወዳልከው ልምጣ፤ ደሜን ያፈላው እሱ ነው። ይህ ሰው ተጎታቹን ባያያዘ ቁጥር የሚያደርገውን አይተህ ታውቃለህ? ቆቡን ይዘጋል፤ ፒኑን ያስገባል። ከዚያ የተጎታቹን አንገት በክሪክ ወደ ላይ ይገፋል። የፒካፑ ጀርባ አብሮ ከተነሳ ተያይዘዋል ማለት ነው፤ ካልተነሳ እንደገና ይጀምራል። ሰው ጥሩምባ እየነፋ ቢሰድበውም ይህን ሳያደርግ አይንቀሳቀስም፤ አይቸኩሌ የተባለውም ለዚህ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ፣ አደጋው የደረሰ ዕለትም አድርጎታል፤ ዓይኔ እያየ። ፒካፑም ተነሳ። ለምን እንደተነሳ ልንገርህ? ቀበቶህ ቆቡንና ኳሷን ጠርቅሞ ስለያዛቸው ነዋ! ሰውዬውን ያታለለው የአንተ ቀበቶ ነው።

ከዳቦ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያለውን ጉብታ ሲሻገር ቀበቶው ተንሸራተተ፤ ቆቡም ከኳሷ ላይ ዘለለ። ልጆች ከትምህርት የሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። ማንም ያልተጎዳው ለምን ይመስልሃል? አይቸኩሌ ሁለቱን የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከተጎታቹ አንገት ሥር አጣምሮ አስሯቸው ስለነበር ነው። የተጎታቹ አፍንጫ አስፋልት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ አረፈ፤ እሱም ቀስ እያለ ወደ ግንቡ አስጠግቶ አቆመው። የተጎዳው የጄኔሬተሩ ራዲያተር ብቻ ነው።

እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ቆቡ ዝግ ነበር። ዝግ! ፒኑም ቦታው ላይ። ውስጡ የቀበቶህ ቁራጭ ተጨማድዶ ቀርቷል። ፎቶ አንስቼ ያን ዕለት ላኩልህ፤ «አየሁት» ብለህ መልሰህልኛል። አይተህ ነው እንግዲህ «ሳይዘጋው ነዳ» ያልከው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

በማግስቱ አይቸኩሌ፣ በስልክ ስላባረርከው፣ ቁልፍ ሊያስረክብ መጣ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሞከረ፦ «ኢንጂነሯ፣ እኔ መላጣ ሰው ቆብ እረሳለሁ?» አለኝ። ሳቅሁለት። እሱ ግን አልሳቀም። ለካ ውሃ የሚያመላልሰው ሰውዬ ሊቀጥረው አስቦ፣ ስለ ጠባዩ ወደ አንተ ደውሎ ጠይቆሃል። አንተም «እጁ ልል ነው፤ ተጎታች አታሲዘው» ብለኸዋል። ወንድምጋሼ፣ ሥራውን ነጠቅከው፤ እሺ፣ ሥራው ያንተ ነው። ስሙ ግን የማን ነበር? ሾፌር ከስሙ በቀር ምን አለው?

እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። «ወንድምሽን ለኢንሹራንስ አሳልፈሽ ልትሰጪው ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሾፌሩንስ?»

«እሱ ሌላ ሥራ አያጣም።»

«ያገኘውን እኮ ነው ወንድምጋሼ ያሳጣው!»

«አባት ሆኖ ነው ያሳደገሽ» አለች። አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ጽሑፉን ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለኢንሹራንሱ ሰጥቻለሁ። በሙያዬ የፈረምኩበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ኳሷ ለቆቡ እንደማትገጥም፣ ቀበቶው እንደተወተፈ፣ ቆቡ ተዘግቶ እንደተገኘ ጻፍኩ። አንድም ቃል አላጋነንኩም። ጉዳቱን አንሸፍንም ሊሉን ይችላሉ፤ ይበሉ። ራዲያተሩን እኔና በያጁ ፈትተነዋል፤ ይድናል። ጥቁሯን ኳስ ገዝቼ ገጠምኳት። እግሯ ቀዳዳውን ልክክ ብሎ ሞላው፤ ዳዶውን በልኩ አጠበቅሁ፤ ግራሶ ቀባኋት፤ ክዳንም አለበስኳት። ቢቻለኝ ይህን ግቢ በሙሉ እንዲህ ነበር የማደርገው። ስንት ሐሳብ አለኝ መሰለህ! ሁለተኛ ተጎታች፣ ከዚያ ሦስተኛ… ግን የሠራተኛውን ስም እየበላ የሚያድግ ሥራ አልፈልግም።

አሁን የቀረው ያንተ ነው። ውሃ አመላላሹ የእኔን ወረቀት አንብቦ «ጥሩ ነው፤ ግን አለቃው የነገረኝን ራሱ አለቃው ያንሳልኝ» ብሏል። እስከ ዓርብ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ ሾፌር ይቀጥራል። ደውልለት። ስለ እኔ አትጨነቅ፤ ስለ ኢንሹራንሱም አትከራከር። «ኳሷን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቆቡን ዘግቶት ነበር» በለው። ከዚያ ለአይቸኩሌ ደውል። እሱ ክፉ መናገር አያውቅም፤ ምናልባት ቀልዶ ያሳልፍልህ ይሆናል።

የመጀመሪያ ፈተናዬን ልፈተን ስሄድ እጄን ይዘህ እስከ ክፍሉ በር ያደረስከኝ አንተ ነህ። ጎንበስ ብለህ «የምታውቂውን ብቻ ጻፊ፤ የማታውቂውን ባዶ ተዪው፤ ከማንም አትቅጂ» አልከኝ።

የማውቀውን ጻፍኩ። አንተ የሰጠኸኝ መልስ የተሳሳተ ስለሆነ አልቀዳሁትም።

እስከ ዓርብ ከውሃ አመላላሹ እንጂ ከአንተ ስልክ አልጠብቅም።

በጣም የተቆጣችህ፣ በጣም የምትወድህ
እህትህ