ባጃጅ የተሳፈረ ዛፍ

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቀለሙ አልደርቅ አለ። ቦፓል ላይ በክረምት ሥዕል መሥራት ማለት የቀለም ዘበኛ መሆን ነው።

የአጎቴን የሱምሩን አጋዘን ሞላሁ፣ ከአንገት እስከ ጭን። እሳቸው ቅርጹን ያወጣሉ፣ ሆዱን እኔ እሞላለሁ። እንዲህ ስንኖር አሥራ ስድስት ዓመታችን። የሥዕሉ ውስጥ የሚሞላበት ምልክታቸው ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ ነው፤ ሁለቱ ሰረዞች ዘመም ያሉ። ዓይኔን ጨፍኜም አልስተው። እኛ የጎንድ ጎሳ ሰዎች ዘንድ ሠዓሊ የሚታወቀው በፊርማው ሳይሆን በሙሌቱ ነው። የጎረቤታችን የዓሣ ቅርፊት አለ፣ የእህቱ ግማሽ ጨረቃ አለ። አጎቴ “የሰው ምልክት የወሰደ የሰው ሚስት እንደወሰደ ነው” ይላሉ።

የኔስ? የኔ የትኛው ነው? እስከ ዛሬ ጠይቄም አላውቅ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ኢራ ጂ ከዴሊ መጣች። ሥዕል እየመረጠች ውጭ አገር ላሉ ኤግዚቢሽኖች የምትልክ ሴት ናት፤ “ጂ” የምንላት ለአክብሮት ነው። ኖቬምበር ላይ ሊዝበን የሚከፈት አለ፣ የዛሬ ዘመን የህንድ ሥዕል። አጋዘኑን ልትወስድ ነው።

አጎቴ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ከፍተው ያቺን ፎቶ አሳዩዋት። የዛሬ ሃያ ዓመት ፈረንጅ አገር ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለው ሥዕላቸው ነው፤ በአንድ ጎኑ ታንኳ፣ በሌላ ጎኑ ጭምብል ተደርድሮ። ከሥሩ “የጎንድ ጎሳ ሥዕል፣ መካከለኛው ህንድ” ይላል። ስም የለም። “ጎሳው በሙሉ አንድ ብሩሽ ይዞ የሣለው” ብለው ሳቁ። ሁልጊዜ ይሄን ሲሉ ይስቃሉ። ደስ ብሏቸው እንዳልሆነ የገባኝ ግን ዛሬ ነው።

ኢራ ጂ አሁን ከሙምባይና ከዴሊ ሠዓሊዎች ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ልታሰቅላቸው ትፈልጋለች። አዘጋጆቹ ግን አንድ ነገር እየደጋገሙ ይጠይቋታል አለች፤ ይሄ የአንድ ሰው ሥራ ነው የጎሳ? የእያንዳንዱ ሠዓሊ እጅ ካልታየ ከታንኳው ጎን መመለስ ነው።

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ “አንቺስ ፉልዋ? የራስሽ የለሽም?”

“እንዴት ይጠፋኛል!” አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ምንም የለኝም እኮ። በጁላይ 28 ተመልሳ ልታይ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

መንገዱን ሊያሰፉ የሳጃ ዛፎቹን እየቆረጡ ነው። ትልቁ አምላካችን ባራ ዴቭ የሚኖረው ሳጃ ላይ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ታዲያ የት ይሄዳል? በእግሩ? በአውቶቡስ?

ሥዕሌ ላይ ዛፉን የባሌ የማንሲንግ ባጃጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሥሩ ወንበሩ ላይ፣ ቅርንጫፎቹ በግራና በቀኝ ወጥተው። ወፎቹም ተሳፍረዋል። ማንሲንግ ከሥራ ሲገባ አየው። ሾፌር ነውና መጀመሪያ ያየው ጎማውን ነው። ከዚያ፣ “ሒሳቡን የሚከፍለኝ ዛፉ ነው አምላኩ?” አለ። እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ጁላይ 22

ጨረስኩ! ሙሌቱ እንደ ውኃ ፈሰሰ፣ አንድ ቀን እንኳ እጄ አልቆመም። የራስ ሥራ እንዲህ ይቀላል እንዴ? በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ልጽፈው አልፈለግሁም... ግን ልጻፈው።

ኢራ ጂ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። ፊቷ በራ። ከዚያ ዞር ብላ ለአጎቴ፣ “ሱምሩ ጂ፣ እስከ ዛሬ ከሠሩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል” አለቻቸው።

ዛፉን አየሁት። ክው አልኩ። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ወፎቹ፣ ጎማው ሳይቀር... ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ። ሁሉም የሳቸው። እንዴት አላየሁትም? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፊቴ ተደቅኖ!

“የኔ አይደለም” አሉ አጎቴ። “የሷ ነው።”

ኢራ ጂ ክፉ ሰው አይደለችም። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። በኔ ስም ብትልከው አስመስላ ሣለች ይሉኛል። በሳቸው ስም ብትልከው ውሸት ነው። እስከ ኦገስት 21 ሌላ ከሠራሁ ትወስዳለች፣ ካልሆነ አጋዘኑ ብቻውን ይሄዳል።

ስትወጣ አጎቴ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። የሰው ምልክት ወስጃለሁ እኮ። እሳቸው ግን “አሥራ ስድስት ዓመት የኔን ሲሠራ የኖረ እጅ የኔን ቢሠራ ምን ይገርማል?” ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያፈርኩት እሳቸውን አይደለም፣ በእጄ ነው። የኔ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 31

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። አጎቴስ ከየት አመጡት? ለእንግዳ ሁሉ ባራ ዴቭ በሕልም አሳየኝ ነው የሚሉት። ዛሬ ቁርሳቸውን፣ የሩዝ ፖሃቸውን፣ ሳቀርብላቸው ጠየቅኳቸው።

“እውነቱን ነው የምትፈልጊው?”

“እውነቱን፣ ካካ” አልኩ፤ አጎቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው።

ከመንደር እንደመጡ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ። ዝናብ ሲጥል ሥራ ቆመና ተቀመጡ። የጭነት መኪናው ጎማ ጭቃው ላይ ያተመውን ሲያዩ ዋሉ። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ። በቃ ይኸው ነው።

“ታዲያ ለምን ሕልም ነው ይላሉ?”

“ጎማ ለማየት ባሕር የሚሻገር ፈረንጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ደግሞ... ምልክት ከሰማይ የማይወርድ ከሆነ እኔስ ለምን አጣሁ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

የጉንዳን ሰልፍ ሞከርኩ፤ ጉንዳኖቹ ሞቱብኝ። የሰናፍጭ ፍሬ፣ የተያዘ ነው። የዝናብ ጠብታ፣ የሕፃን ደብተር መሰለ። የማንሲንግን ማበጠሪያ ሞከርኩ፤ ሁለት መንገድ ማዶ ያለች ሴት ማበጠሪያን ምልክቷ ካደረገች አሥር ዓመቷ ነው ለካ። በዚህ ሰፈር ያልተያዘ ነገር አለ?

ማንሲንግ “የቲማቲም ፍሬስ?” ይላል። ምስኪን፣ ሊረዳኝ ነው።

እየፈለግሁ ስሄድ ግን ዓይኔ ሌላ ሆኗል። የግድግዳ ስንጥቅ፣ የከብት ሰኮና፣ የዳቦ ጀርባ... ሁሉን ነገር ማነህ እለዋለሁ። መልስ የሚሰጠኝ የለም እንጂ ጥሩ ጨዋታ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

አገኘሁት። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የድንች ልጣጭ ልጠቀልል አሮጌ ጋዜጣ አነሳሁ። ስሠራ ከእጄ ሥር የማደርገው ነው። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ባጠለቅሁ ቁጥር ጫፉን እዚያ ላይ እሞክረዋለሁ፣ ሥዕሉ ላይ እንዳያንጠባጥብ። ልጣጩን ልጥልበት ስል አየሁት። ወረቀቱ ሙሉ... አንድ ትንሽ መንጠቆ፣ ጭራዋ ወደ ግራ ፈንጠር ያለች። መንጠቆ፣ መንጠቆ፣ መንጠቆ። ርዕሱ ላይ፣ የክሪኬት ውጤቱ ላይ፣ የሚኒስትሩ ጉንጭ ላይ። ሁሉም አንድ ዓይነት። ማንም አላስተማረኝም። ማንን ላስመስል? የሚጣል ወረቀት ነው እኮ!

የስንት ዓመት ጋዜጣ ነው እንዲህ በልጣጭ የሄደው...

ለአጎቴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ገልብጠው አዩት፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

“ይሄ የማነው?”

“የኔ ነው፣ ካካ።”

“አስቀያሚ ነው” አሉ። ጋዜጣውን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። “የኔም መጀመሪያ አስቀያሚ ነበር። ዝም ብለሽ ሙዪበት፣ ይለምዳል።”

እሑድ፣ ኦገስት 18

ዛፉን እንደገና ሣልኩት። ሙሌቱ እንደ ውኃ አይፈስም አሁን። እያንዳንዷን መንጠቆ አያታለሁ። ሁለት ጊዜ እጄ ሰረዝ ሊያደርግ ሲነሳ ያዝኩት። ወገቤ ተቆርጧል። ግን ቅጠሎቹ ነፋስ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ፣ የመጀመሪያው ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ይሄኛው በእውነት እየሄደ ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ኢራ ጂ መጣች። ሥዕሉን ዞራ ዞራ አየችው። ወደ አጎቴም ወደኔም አላየችም።

“ይሄን እጅ አላውቀውም” አለች።

በልጅነቴም በሠርጌም እንዲህ ያለ ምርቃት አልሰማሁም።

አጋዘኑና ዛፉ አብረው ታሸጉ። ማንሲንግ እስከ ባቡር ጣቢያው በባጃጁ አደረሳቸው። አሁን መጠበቅ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ኢራ ጂ ከሊዝበን በስልክ ፎቶ ላከች።

ታንኳ የለም። ጭምብል የለም። ሰፊ ነጭ አዳራሽ ነው፣ አንዲት አሮጊት ዛፌ ፊት ቆማ አንገቷን ዘመም አድርጋለች። ከሥሩ ያለውን ማንሲንግ አስፍቶ አነበበልኝ፤ “ፉልዋ ቴካም፣ ቦፓል።” ጎሳ አይልም። እንደገና አነበበው። ሦስተኛ ጊዜ ራሴ አነበብኩት።

ቀጥሎ ያለው ፎቶ የአጋዘኑ ነበር። “ሱምሩ ቴካም፣ ቦፓል” ይላል። ከዚያ ሌላ መስመር አለው። አስፋሁት። “ሙሌት፦ ፉልዋ ቴካም።”

ተሳስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ስልኩን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይሄን ማን አጻፈው አልኳቸው።

“እኔ። ኢራ ደውላ ከስምዎ ሥር ምን እንጻፍ አለችኝ። ነገርኳት።”

“ካካ... በእርስዎ ምልክት እኮ ነው የሞላሁት። የርስዎ ነው።”

“ምልክቱ የኔ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ያጎነበሰው ወገብ የማን ነው?” ፊታቸውን አዙረው፣ “ቀደም ብዬ ማለት ነበረብኝ፣ ልጄ። ያኔ የኔንም ስም የጻፈ አልነበረም፣ ያንቺን ማሰብ ከየት ይምጣልኝ?”

እግራቸውን ነካሁ። ጭንቅላቴን ዳበሱኝና ስልኩን ተቀበሉኝ። ሁለቱን ፎቶ እያመላለሱ ሲያዩ ዋሉ። ዛሬ ማናችንም ለሥዕል ብዕር አላነሳንም።