ከኋላ ያረፈችው ሰማያዊ

ሙሉዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

እኛ ጋ ክረምቱ ሲወጣ ቢራቢሮ ይመጣል፤ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሳሴክስ፣ ነጩ የጠመኔ ኮረብታ ላይ፣ በጋው ሲያልቅ ይሰናበታል። ጎረቤቴ ኦድሪ ሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ በአንዲት መንገድ እየሄዱ ቢራቢሮ ቆጥረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ከዛሬ ጀምሮ ተረኛዋ ቆጣሪ እኔ ነኝ። የሚወዷትን ሰማያዊ ቢራቢሮ ስንፈልግ ዋልን፤ የለችም። ልንመለስ ስንል መጥታ ባርኔጣቸው ላይ፣ ከኋላ በኩል ቂብ አለች። ነገርኳቸው።

«ከፊት ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ዞሮ መቁጠር ማጭበርበር ነው!» አሉ፣ ማየት እያማራቸው ሳይዞሩ።

«ለእኔ እኮ ፊት ለፊቴ ናት!»

«ታዲያ ቆጣሪዋ አንቺ አይደለሽ? ጻፊያ!» ብለው እርሳሱን ሰጡኝ።

ተመስገን ብዬ ጻፍኳት።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ኦድሪ ቤት ገብተን ሻይ እየጠጣንም ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

ያንቺዋ ፈትለ