ሲስተር መስኮት ፊታቸውን ወደ ኮረብታው እንዳዞሩ ዐረፉ

የሆስፒታላችን የሳንባ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ሁላችን «ሲስተር መስኮት» እያልን የምንጠራቸው ነርስ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ለሠራተኞቻችን፣ ለታካሚዎቻችንና ለወዳጆቻቸው የምናስታውቀው በታላቅ ሐዘን ነው።

ሲስተር ወደ ክፍሉ በተመደቡበት ዓመት የአልጋዎቹ ራስጌ በመስኮቱ በኩል ነበር። ሕሙማኑ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት በሩን፣ በበሩም የሚወጣውን ቃሬዛ ነበር። ሲስተር ማለዳ ማለዳ አልጋዎቹን እየገፉ ሰዉን ወደ ብርሃኑና ከማዶ ወዳለው ኮረብታ ያዞሩ ጀመር። የጽዳት ክፍሉ ወለሉ ተጫረ ብሎ አቤቱታ ቢያቀርብ፣ «ወለሉ ይጫር፤ ሰዉ ይበርታልኝ» አሉ።

ጉም በወረደ ጠዋት ኮረብታው ድራሹ ይጠፋል፤ ክፍሉም ነጭ በነጭ ሆኖ ደመና ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ያን ጊዜም አልጋዎቹን ማዞር አይተዉም ነበር። «አለ፤ ዝም ብላችሁ ወደዚያ እዩ» ይሉ ነበር።

የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ልጁን በቀበረ ሰሞን «እግዚአብሔር የሚባል የለም፣ በቃ!» ብሎ ሲመጣባቸው አልተከራከሩትም። «እሺ የኔ ጌታ። መጀመሪያ ጉረስ፣ ከዚያ ተኛ። እንዲህ ተከፍተህ ስለ እግዚአብሔር አትወስንም» አሉት። ይህ ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ደንብ ሆኖ ቆየ።

ሲስተር በታመሙ ጊዜ እኛ ያከበርናቸው መስሎን ለብቻቸው ጸጥ ያለ ክፍል ሰጠናቸው። የክፍሉ መስኮት ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ መሆኑን፣ ምን ነክቶን እንደሆነ እንጃ፣ ማንም ልብ አላለም። አንሶላ ሊቀይር የገባውን ያንኑ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ፣ «ጸሎቱ እምቢ አለኝ ልጄ። እግዚአብሔር ጥሎኝ ሄደ መሰለኝ» አሉት።

እሱም ማንንም ሳያስፈቅድ አልጋቸውን እየገፋ ወደ ቀድሞ ክፍላቸው ወሰዳቸው፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞረው። ጉሙ ወርዶ ምንም አይታይም ነበር። «አለ፣ እትዬ፤ ዝም ብለው ወደዚያ ይዩ» አላቸው። «አይ አንተ! የኔኑ ለኔ?» ብለው ሳቁ። ጸሎቱን እሱ አደረሰላቸው፤ እሳቸው አሜን ብቻ አሉ። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ዓይናቸውን ከዚያ ሳይነቅሉ ዐረፉ።

ሆስፒታላችን ለልጃቸው፣ ለታላቅ ወንድማቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ነፍሳቸውን ጉም ከማይወርድበት ያሳርፍልን።

እኛም ዛሬ ከፍቶናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ኮረብታው አይታየንም። ስለዚህ በደንባቸው መሠረት ዛሬ ምንም አንወስንም፤ እንጉረስ፣ እንተኛ። ነገ ማለዳ አልጋዎቹ እንደወትሮው ይዞራሉ።