ሐዋ ፊት ያነበብኩት ገጽ

ሰኞ

ሄደች። ሚስቴ ሐዋ ሁለት ቀሚሷንና ያቺን የምትወዳትን ትንሽ ድስት ይዛ ጨፋ ሮቢት ወንድሟ ቤት ገባች። ድስት ይዞ የወጣ ሰው ውሎ ሊመለስ አልወጣም።

ደክሞኛል፣ ግን ልጻፈው። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። ከክፍላችን እንደኔ ፊደልን ድል የነሳ የለም። ሌሎቹ ሌላ ይላሉ፤ ቅናት ነው።

ነገሩ የመጣው ከቲያትሩ ነው። ቅዳሜ በወጣቶች አዳራሽ የሚታየው ኮሜዲያችን ስለ አንድ ወንድምና እህት ነው፤ ሁለቱም አድገው የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል፣ አንዳቸው ግን ሌላውን አይተዉም። ወንድምየው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን? ሰንበቴ ገበያ ስደልል ሰው በሬውን ትቶ እኔን ነው የሚያየው። እህቴ ሆና የምትጫወተው ሳንቡሳ ሻጯ ከድጃ ናት። በቲያትሩ እህትየው ሚስቴን አትወድም፤ "ምን ትሠራልሃለች፣ ፍታት" እያለች ትወተውተኛለች። ሚስትየው መድረክ ላይ አትወጣም። እኔ ስልክ እደውልና የፍቺውን ቃል እላታለሁ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እህቴ ቤት ልኖር እገባለሁ። እህትየው ያኔ ትደነግጣለች። ሳቁ እዚያ ላይ ነው።

ትናንት ከገበያ ገብቼ ያንን ገጽ ቤት ውስጥ አጠናሁ። ጮክ ብዬ ነው፤ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ገና አልሆነልኝም። ሐዋ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ በየመስመሩ መጨረሻ ቀና ብዬ አያታለሁ፣ ታድንቀኝ ብዬ። ያቺ ቃል የመስመር መጨረሻ ላይ ነበረች። አልኳትና ቀና ብዬ አየኋት።

ሐዋ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ይመር፣ ፍቺ ቀልድ የለውም፤ ባል በጨዋታም ካላት ሚስት ተፈታች ማለት ነው" አለች።

ያቺን የፍቺ ቃል እዚህ አልጽፋትም። መጻፍም ይቆጠር እንደሆን አላውቅም።

ማክሰኞ

ምስር አሳረርኩ። ትልቁ ድስት አያውቀኝም።

ልምምድ ላይ ሁሉም ነገር ጠፋኝ። ቶፊቅ፣ ደራሲያችንም አዘጋጃችንም እሱ ነው፣ ምን እንደነካኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከድጃ ሰማችና "አስተግፊሩላህ" ብላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የዛሬው ልምምድ በዚሁ አለቀ።

ለሐዋ ደወልኩ። ያነሳው ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ ነው። ሁልጊዜ "አብሽር" ብሎ ነው የሚጀምረኝ፤ ዛሬ አላለኝም። እሱና ሐዋ የመንደራቸውን ሸህ አደምን ጠይቀዋል። ሌላ ሰው የጻፈውን ካነበበ አልፈታትም፣ ከራሱ ከተናገረ ግን ፈቷታል ብለዋል ሸህ። ሐዋ ደግሞ አላነበበም ባይ ናት።

ለምን እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግቼ ያነበብኩ እመስል ነበር። "ከነገ ጀምሮ በሬ ሁሉ መታወቂያ ያወጣል ይላል" እላለሁ፣ ሰፈሩ ይንከባለላል። ከሁሉ በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች። አሁን እንዴት ትመነኝ?

"ነገ ና" አለኝ እንድሪስ። "ወረቀቱንም ያዝ። ሸህ ይኖራሉ።"

ሰው ማንበብ ስለቻለ ሥራ አገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። አንብቦ ሚስቱን ሊያስመልስ የሚሄድ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ረቡዕ

የጨፋ ሮቢት ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ በማሽላ ጆንያ ታጭቋል። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ደረስኩ።

"አካም ቡልተኒ" ብዬ የኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። እንድሪስ መለሰልኝ፣ ግን አልተነሳም። ሐዋ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ሸህ አደም ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። የኔን ገጽ ልገልጥ ስል ከለከሉኝ።

"እሱን በቃልህ ይዘኸዋል፣ ልጄ" አሉና እህትየው ብቻዋን የምታወራበትን ገጽ ገልጠው ሰጡኝ።

ጣቴን ፊደሉ ላይ አስቀመጥኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ወን... ወንድ... ወንድሜ... ሻን... ሻንጣውን... በሬ ጭቃ ውስጥ ሲጎትት እንዲሁ ነው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። መስመሩን ስጨርስ እንደ ልማዴ ቀና አልኩ፤ የሚያደንቀኝ የለም።

ከመጋረጃው ወዲያ ሐዋ ተናገረች። "ያን ዕለትም ቃሏን እንዲሁ ነው ያላት፣ ሸህ። ሦስት ቦታ ቆራርጦ ነው። ይመር ከሆዱ ሲያወራ መቼ ተንተባትቦ ያውቃል?"

ስለ ንባቤ እንደዚህ ያማረ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም።

ሸህ እንግዲያው ፍቺ የለም አሉ። ቀጥለው ቃሏ የቱ ጋ እንዳለች ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ሸፈኗት። "ይቺ በጨዋታም አትነገርም" አሉ።

ሐዋ ግን አብራኝ አልመጣችም። "አፍህን አላምነውም" አለችኝ። "ሰው ከሳቀልህ የማትለው የለም። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፤ ካልሰማኋት ድስቴን ይዤ እገባለሁ።"

ከሰማችስ? አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

ልምምድ ቀረሁ። ተኝቼ ዋልኩ። ለግድግዳው አንድ ቀልድ ነገርኩት፣ ዝም አለኝ። ጎበዝ ተመልካች አይደለም።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ከቶፊቅ ጋር ተጨቃጨቅን። ቃሏ ከወጣች ሳቁም ይወጣል ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም አውቃለሁ። ደክሞታል፤ ወንበር የሚለምነው እሱ፣ መጋረጃ የሚሰፋው እሱ። ቃሏን ካላልክ ቦታህን ለባጃጅ ሹፌሩ እሰጠዋለሁ አለኝ። ባጃጅ ሹፌሩ! ፊቱ እንኳን ለመድረክ፣ ለመስታወትም አይበቃም።

የሸህን አውራ ጣት ነገርኩት። ከድጃ ያልተሸጠላትን ሳንቡሳ እየበላች ታዳምጣለች። ሳንቡሳዋን አየች፣ አፌን አየች።

"ልትላት ስትል ሻንጣህን ልየው" አለች። "የት ልትኖር እንዳሰብክ ይገባኛል። ያኔ ይቺን ሳንቡሳ አፍህ ውስጥ እወትፋታለሁ።"

ሞከርነው። ቶፊቅ በሳቅ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ቦታዬ ተረፈ።

ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። አፌ ያቺን ቃል ተምሯታል። ከወረቀት እያነበብኩ ስንት ልምምድ ሙሉ ብያታለሁ። "ሃሎ" ካልኩ ራሷ ተከትላ ትመጣለች።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ሐዋ ከእንድሪስ ጎን ከፊት ተቀምጣለች። ድስቷን በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛለች። አንዱን ዓይኔን ከዚያ ድስት ላይ ሳልነቅል ተጫወትኩ።

ስልኩን አነሳሁ። "ሃሎ" አልኩ። ከድጃ ሻንጣዬን አየች፣ ደነገጠች፣ ሳንቡሳውን ከሰሃኑ አነሳች። ከእጇ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀባት።

አፌ ተከፍቷል። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት፣ ወላሂ ቀመስኳት። ሐዋ ድስቷን በሁለት እጇ ጨመቀች። እኔ አፌን ልዘጋ ብፈራ፣ ልናገር ብፈራ፣ እንደከፈትኩት ቀረሁ። ገበያ ላይ ዕድሜው እንዲታይ አፉን ፈልቅቀው የሚይዙት በሬ ሆኜ ቆምኩ።

ከኋላ አንድ የሰንበቴ ከብት ነጋዴ፣ "ይሄ አርጅቷል፣ አልገዛውም" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከድጃም ሳንቡሳውን ከነአቧራው አንስታ ወተፈችልኝ። አላመጥኩት። ቃሏንም አብሬ ዋጥኳት።

ሲያልቅ ቶፊቅ አፍ መክፈቱን ለሚቀጥለው ጊዜም እንዳልተው አዘዘኝ። አስቤበት ነው አልኩት። ለሁሉም አስቤበት ነው አልኳቸው። ሐዋ በር ላይ ስንገናኝ ፌስታሉን አስያዘችኝና ከፊት ከፊቴ ሄደች።

እሑድ

ሰንበቴ አልወረድኩም። አጥንቴ ሁሉ ደክሟል፤ በሬዎቹ ለአንድ ሳምንት ያለኔ ይሸጡ።

ትንሿ ድስት ተጥዳለች። ሐዋ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች፦ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ንባብ ያለ ድምፅ ነው። እየሞከርኩ ነው። ከባድ ነው። አፌን ስዘጋ ፊደሉ አብሮ ይዘጋብኛል። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ከንፈሬን ትጠብቃለች። ባለፈው እሑድ ያስቀመጠችውን ቢላዋ ዛሬ እስካሁን አላስቀመጠችም።