ለፋሲካ የቆየው ድምፅ

መጋቢት 8፣ ሰባታሚት

የጊታሬን ድምፅ እንዲቀይር የሠራሁት ፔዳል ሠራ! ማቀፊያው ባደረግሁት የብስኩት ቆርቆሮ ላይ የገጠምሁት ማዞሪያ ወደ ግራ ሲሄድ የጊታሩን ንጹሕ ድምፅ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚያጓራውን ይሰጣል፤ መሐል ላይ ሁለቱን ይቀላቅላል። ከደስታዬ ብዛት ጾም መሆኑን ረስቼ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርሁት።

ወዲያው አባየ በሩ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ናቸው፤ ጊታሬን አንድም ቀን ቁጭ ብለው ሰምተውት አያውቁም።

«በጾም የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ ዝም ይላል» አሉኝ።

አፍሬ ወደ ግራ መለስሁት፤ ክሩን ነካ ሳደርገው ንጹሑ ድምፅ ወጣ። ገመዱን ልነቅል ስል «ተው፣ ይችኛዋን ቀጥል» ብለው ተቀመጡ። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ቀስ ብዬ ተጫወትሁ። ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርግ ጀመር።

ሲነሡ ማዞሪያውን ነካ አደረጉት።

«ያን የሚያጓራውን ለፋሲካ አቆየው። እኔው አዞረዋለሁ።»